ጀሪካኑን ስሰነጥቀው ያየሁት

ጫጫ፣ ኅዳር

ውድ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ውርጩ ጀምሯል፣ የግቢው ሣር ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ለደብረ ብርሃን ብርድ የሚሆንሽን ጋቢ እናትሽ እያዘጋጀችልሽ ነው።

ትናንት በስልክ የነገርሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከገበሬዎች ተረክበሽ የምትሸጪው ወተት ፍሪጅ ውስጥ እያለ በሁለተኛው ቀን ይመራል አልሽ። በ72 ዲግሪ አሙቄዋለሁ፣ ዕቃውንም በበረኪና አጥቤዋለሁ፣ ስለዚህ ጥፋቱ የገበሬዎቹ ነው አልሽኝ። ይህቺ የመጨረሻዋ አልተዋጠችልኝም። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚሁ ብያለሁና።

ማኅበራችን ወተት ይሰበስብ በነበረበት ጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ወተት እረከብ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አንዲት እናት ከአንድ ሰዓት በላይ በእግራቸው ተጉዘው ይመጡ ነበር። ወተት መኮምጠጥ መጀመሩን የምንለየው አልኮል ጨምረንበት ነው፣ ከቋጠረ አንቀበለውም። ሦስት ቀን በተከታታይ የእሳቸው ወተት ቋጠረ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ በቆመበት «ያደረ ወተት እየቀላቀሉብን ነው» አልኳቸው። አንድም ቃል አልመለሱልኝም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ ጀሪካናቸውን ይዘው ሄዱ።

በነጋታው አላስቻለኝም፣ ቤታቸው ሄድኩ። ጀሪካኑን በየቀኑ በግራዋ ቅጠልና በፈላ ውሃ ያጥቡታል። አፉ ጠባብ ነው፣ እጅ አያስገባም። ስለዚህ ጠጠር ጨምረው ይነቀንቁታል። ባሸተው ንጹሕ ነው። አስፈቅጄ በቢላ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ውስጡ ጠጠሩ በጫረው ጭረት ተሞልቷል። እጀታው ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፣ ወተት ይገባበታል፣ ብሩሽ ግን አይደርስበትም። እዚያ ውስጥ ቢጫ፣ የሚያሟልጭ ነገር ተለጥፎ አገኘሁ። በጣቴ ስጠርገው እንደ ንፍጥ ተሳበ። ጀሪካኑን ያከፋፈልነው ደግሞ እኛው ነበርን።

ያ ባዮፊልም ነው። ባክቴሪያዎች አንድ ነገር ላይ ሲያርፉ ስኳርና ፕሮቲን ያለበት ሙጫ ያመነጫሉ፣ እሱ ውስጥ ተሸሽገው ይኖራሉ። በረኪና ስታፈሺባቸው፣ በረኪናው ከላይ ያለው ሙጫና የወተት ቅሪት ላይ ጉልበቱን ይጨርሳል። ከሥር ያሉት ይተርፋሉ።

ሳስተምር በጣም የምወደው ክፍል ግን የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። በፈረንጆች 1970 ኒልሰንና ሄስቲንግስ የሚባሉ ተመራማሪዎች የሚያበሩ የባሕር ባክቴሪያዎችን አጥንተው ነበር። ጥቂት ሲሆኑ አያበሩም። ሲበዙ በአንድነት ያበራሉ። እያንዳንዷ ትንሽ ኬሚካል ትለቃለች፣ ያ ኬሚካል ዙሪያቸው ሲጠራቀም መብዛታቸውን ያውቃሉ። በፈረንጆች 1994 ይህ ነገር «ኮረም ሴንሲንግ» የሚል ስም ወጣለት፣ ኮረም ማለት ምልዓተ ጉባኤ ነው። እድራችንን አስቢው፣ ሰው ካልሞላ ምንም አይወሰንም። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች ሙጫቸውን ለመገንባትም እንዲህ ያለውን መልእክት ይጠቀማሉ። ስለዚህ ዕቃው ሳይታጠብ አይደር። ጉባኤው ሳይሞላ ድረሽባቸው።

አሁን ወደ አንቺ ወተት ልመለስ። በ72 ዲግሪ 15 ሰከንድ በትክክል ከቆየ፣ ፍሪጅ ውስጥ ወተት የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው እዚያው ያልቃሉ። ታዲያ ከሙቀቱ በኋላ ወተቱ በምን በኩል አለፈ? በቧንቧው ነው። እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው፣ በተለይ ውስጡ ያለውን ጎሚኒ። ፍቺው። መጀመሪያ በለብታ ውሃ አለቅልቂው፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ ፈትጊው። በረኪናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነጭ ድንጋይ የመሰለ ነገር ከያዘ እሱ የወተት ካልሲየም ነው፣ አሲድ ያስፈልገዋል። አደራሽን፣ አሲድና በረኪና አንድ ላይ እንዳይገናኙ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ጎሚኒው ከተሰነጠቀ ጣይው፣ አትሳሺለት።

ወተቱ መምረሩ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጨቀጨቅኩሽ። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል፣ ጣዕምም ላይቀይር ይችላል። በፈረንጆች 2017 እና 2018 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በተዘጋጀ የሥጋ ምግብ ሰበብ ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች ታመው ከ200 በላይ ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ጨቅላ ሕፃናት ነበሩ። አንቺም ጋ እርጉዝ ሴቶች ወተት ይገዛሉ።

ለእኒያ እናት አፉ ሰፊ የሆነ የአሉሚኒየም ዕቃ ወስጄ፣ እዚያው በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እግዜር ይስጥህ» ብለው ተቀበሉኝ። ግን ወተት ማምጣቱን ከዚያ በኋላ ለልጃቸው ተዉት። እኔ ጋ አልመጡም።

ለገበሬዎቹ እስካሁን ምንም ካላልሻቸው አትበያቸው። ቧንቧውን ስትፈቺው ጎሚኒውን ፎቶ አንሽና ላኪልኝ፣ ዛሬ ማታ እጠብቃለሁ።

አባትሽ