ለፕሮግራም ሙሉ ውክልና አይሰጥም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ይለፍ ቃል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። እናቴም አንብባው የስልኳን መክፈቻ ቀይራለች። ግን አንድ ትልቅ ነገር ስለቀረው ነው ይህን የምጽፍላችሁ። ይለፍ ቃል የሚያገለግለው ሰው ወደ ማሽኑ ሲገባ ነው። ከተገባ በኋላስ? ውስጥ ያሉት ፕሮግራሞች እርስ በርስ ምን ይባባላሉ? የትኛው የትኛውን ያዝዛል? ይህን የሚቆጣጠረው ከርነል የሚባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ስለ ኮምፒውተር ደህንነት ሲወራ ግን ስሙን የሚያነሳው ሰው እምብዛም ነው።

እኔ ፖሊ ግቢ ተምሬ እዚሁ ባሕር ዳር የቀረሁ ነኝ። በጣና ዳር ላሉ ማረፊያ ቤቶችና ሆቴሎች ሲስተም እተክላለሁ፣ ሲበላሽም እጠግናለሁ። የምጽፈው በየዕለቱ ስለማየው ነገር ነው።

አንድ ፕሮግራም ሲነሳ ከርነሉ የራሱን ሜሞሪ ይሰጠዋል። ሌላው ፕሮግራም ያንን ሜሞሪ ዘው ብሎ ማየት አይችልም። ሁለቱ መነጋገር ካማራቸው በከርነሉ በኩል ያልፋሉ። አንዱ የመልእክት መቀበያ ይከፍታል፤ ሌላው ወደዚያ ይልካል። መቀበያውን አንዳንዱ ሲስተም ሶኬት ይለዋል፣ አንዳንዱ ፖርት። ማን ከፈተው፣ ማን ይልክበታል፣ ማን ያነብበታል የሚለውን መዝግቦ የሚይዘው ከርነሉ ነው። በፕሮግራሙ እጅ ያለው ተራ ቁጥር ብቻ ነው፤ 3፣ 4፣ 5 እያለ ይሄዳል። የአንዱ ፕሮግራም 5 እና የሌላው 5 አይገናኙም። ዝርዝሩ ከርነሉ ዘንድ ስለሆነ ቁጥር ገምቶ የሌላውን መቀበያ መጠቀም አይቻልም። በጣም የታሰበበት ጥበቃ ነው። እኛ ደግሞ በአንድ መስመር እንጥለዋለን።

እንዴት እንደሚጣል በአንድ ማረፊያ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። ሊኑክስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር አላቸው። ካሸሯ በአንድ አካውንት ትሠራለች፣ እንግዳ ተቀባዩ በሌላ። ወደ ዘጌ የሚሻገሩ እንግዶች የጀልባ ሒሳባቸውን እዚያው ከፍለው ኩፖን ይይዛሉ። ጀልባ ነጂው ገንዘብ አይነካም፤ ኩፖኑን አይቶ ያሳፍራል። ኩፖኑን የሚያትም አንድ ፕሮግራም ከጀርባ ይሮጣል። የካሸሯ ፕሮግራም በሶኬት ያዝዘዋል።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ማተሚያው እምቢ አለ። ምክንያቱ ከባድ አልነበረም። ሊኑክስ ላይ እንዲህ ያለው ሶኬት ፎልደር ውስጥ እንደ ፋይል ይቀመጣል። ማሽኑ በድንገት ሲጠፋ ፋይሉ እዚያው ይቀራል። ፕሮግራሙ እንደገና ተነስቶ ያንኑ ስም ሊይዝ ሲል ከርነሉ “አድራሻው ተይዟል” ብሎ ይመልሰዋል። የተጠራው ቴክኒሺያን አሮጌውን ፋይል አጠፋ። እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ ግን ፕሮግራሙን በሩት አካውንት ገብቶ በእጁ አስነሳው። ሩት ሁሉ የሚፈቀድለት አካውንት ነው። አዲሱ የሶኬት ፋይልም የሩት ሆነ። የካሸሯ ፕሮግራም ልገናኝ ሲል “ፈቃድ የለህም” ተባለ፤ ሊኑክስ ላይ ከሶኬት ጋር ለመገናኘት ፋይሉ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ያስፈልጋልና። ቴክኒሺያኑ ታዲያ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ቻሞድ 777 በሚባለው የፈቃድ መቀየሪያ ትእዛዝ ለሁሉም ከፈተው። ኩፖኑ ታተመ፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

እኔ የተጠራሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ ዋይፋዩ አስቸግሯቸው። ፎልደሩን ስዘረዝር ከሶኬቱ ስም ፊት ያሉት ፊደላት ዓይኔ ውስጥ ገቡ። ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስኬድ ለባለቤቱ። ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስኬድ ለቡድኑ። ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስኬድ ለማንም። የቤቱን ባለቤት ጠራኋቸውና በእንግዳ ተቀባዩ አካውንት ገብቼ አንድ መስመር ጻፍኩ። ካሸሯ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ማተሚያው ተንጫጫና “4 ሰው፣ ዘጌ ደርሶ መልስ፣ ተከፍሏል” የሚል ኩፖን አወጣ። እትዬ ወረቀቱን ቀደዱና አገላብጠው አዩት። “ልጄ፣ እኔ አሠራልኝ አልኩት እንጂ ላላፊ አግዳሚው ክፈትልኝ መቼ አልኩት?” አሉ። እውነታቸውን ነው።

ማስተካከሉ ቡናው እስኪፈላ አለቀ። ለማተሚያው ፕሮግራም የራሱን አካውንት ከፈትኩለት፤ ከራሱ ፎልደርና ከማተሚያው በቀር ምንም አይነካም። ሶኬቱን ካሸሯ ብቻ ላለችበት ቡድን ፈቀድኩ። ፕሮግራሙ ማሽኑ ሲበራ በራሱ እንዲነሳ፣ አሮጌውን የሶኬት ፋይልም ራሱ እንዲያጸዳ አደረግሁ። ሌላም ጨመርኩበት። አንድ ፕሮግራም ሲገናኘው “ይህ ማን ነው?” ብሎ ከርነሉን ይጠይቃል፤ ከርነሉም የአካውንቱን ቁጥር ይነግረዋል። ቁጥሩን የሚሞላው ከርነሉ ስለሆነ እንግዳ ተቀባዩ “ካሸሯ ነኝ” ብሎ ማሳሳት አይችልም።

ይህ የኛ ከተማ ችግር ብቻ አይደለም። ኖርም ሃርዲ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመውን ታሪክ ለማገኘው ባለሙያ ሁሉ እነግራለሁ። ይሠራበት በነበረው ድርጅት ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚያስኬደው የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ የአጠቃቀም መረጃ ይጽፍ ስለነበር አንድ ፎልደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ ተሰጠው። የደንበኞች ሒሳብ ፋይልም እዚያው ፎልደር ውስጥ ነበር። አንድ ተጠቃሚ ኮምፓይለሩን ሲያዝዝ “ውጤቱን በዚህ ስም ጻፍልኝ” አለና የሒሳቡን ፋይል ስም ሰጠው። ተጠቃሚው ያንን ፋይል መንካት አይፈቀድለትም። ኮምፓይለሩ ግን ይፈቀድለታል። ጻፈበት፤ ሒሳቡም ጠፋ። ልብ በሉ፣ ማንም የይለፍ ቃል አልሰረቀም። ፈቃዶቹ አንድ በአንድ ቢታዩ ሁሉም ምክንያት አላቸው። ችግሩ ኮምፓይለሩ የሁለት ወገን ሥራ ይዞ፣ የትኛውን ፋይል በማን ፈቃድ እንደሚከፍት የሚለይበት መንገድ አለማግኘቱ ነው። ሃርዲ ግራ የተጋባ ተወካይ አለው።

ሰነዶች ማረጋገጫ ተሰልፎ ውክልና የሰጠ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንድን ጉዳይ በስም ጠቅሶ የሚሰጥ ውክልና አለ። “እኔን ተክቶ ሁሉን ያድርግ” የሚባልም አለ። ተወካዩ ሌላ ሰው መወከል ይችል እንደሆነ ይጻፋል። ሲያስፈልግም ይሻራል። በከርነል ሥራ ላይም ይህ ሐሳብ የቆየ ነው፤ ጃክ ዴኒስና ኧርል ቫን ሆርን እ.ኤ.አ. በ1966 ጽፈውታል። እነሱ ባሰቡት መንገድ ፕሮግራሙ በእጁ የተሰጠውን ፈቃድ ያቀርባል። ፈቃዱ የትኛውን ዕቃ፣ ለምን ድርጊት እንደሆነ አብሮ ይይዛል። ያልተሰጠውን ስሙን እንኳ ጠርቶ መጠየቅ አይችልም። የሃርዲ ተጠቃሚ በዚህ ዓይነት ሲስተም ውስጥ ቢሆን ኖሮ ኮምፓይለሩን የሚልከው ራሱ መክፈት የቻለውን ፋይል አስይዞ ነበር። የሒሳቡ ፋይል በእጁ ስለሌለ ማስያዝም አይችልም።

የዚህን ጥቂቱን ዛሬ በተራው ሊኑክስ ላይ ማድረግ ይቻላል፣ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም እንጂ። አንድ ፕሮግራም የከፈተውን ፋይል እንደተከፈተ በሶኬት በኩል ለሌላው ማቀበል ይችላል። ከርነሉ በተቀባዩ ዝርዝር ውስጥ አዲስ ቁጥር ያወጣለታል። ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ከነበረ ለንባብ ብቻ ሆኖ ይደርሰዋል። እኔ የምጽፋቸውን የማተሚያ ፕሮግራሞች አሁን በዚህ መንገድ ነው የምሠራቸው። ማተሚያው የፋይል ስም አይቀበልም፤ ስለዚህ በስም አይታለልም።

በጣም የምወደው ግን ማክ (Mach) የሚባለው ከርነል ነው፤ ማክ ከሚባለው የአፕል ኮምፒውተር ጋር በስም አይምታታባችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ። ከአንድ ፖርት የመቀበል ፈቃድ የሚይዘው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። የመላክ ፈቃድ ግን ለብዙዎች ሊሰጥ ይችላል። ከሁሉ የሚገርመኝ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚላክበት ፈቃድ ነው። ጥያቄ ስትልኩ መልሱን የሚመልስላችሁ ፕሮግራም ይህን ፈቃድ አብሮ ይደርሰዋል። አንዴ ሲመልስ ፈቃዱ ያልቃል፤ ደግሞ ደጋግሞ ሊልክባችሁ አይችልም። የተቀባዩ ፖርት ሲጠፋ ደግሞ በላኪዎቹ እጅ ያለው ፈቃድ የሞተ ስም ይሆናል። ለሌላ ተላልፎ አያሳስትም። እኛ ጋ የመብራት መቆራረጥን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአይፎንና የአፕል ኮምፒውተሮች ከርነል ዛሬም ከማክ የወረሰው ብዙ ነው።

አንድሮይድ ስልክ የያዛችሁም ከዚህ የራቃችሁ አይደላችሁም። እያንዳንዱ መተግበሪያ የየራሱ የአካውንት ቁጥር አለው። አንዱ ሌላውን ሲጠራ የጠሪውን ቁጥር የሚያሳውቀው ከርነሉ ውስጥ ያለው ባይንደር የሚባል ክፍል ነው። ስልካችሁ ላይ ያለ የልጆች ጨዋታ የባንክ መተግበሪያችሁን እንደፈለገ እንዳያዝዝ ከሚከለክሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በአውስትራሊያ የተሠራው ኤስኢኤል4 (seL4) የሚባለው ከርነል ደግሞ ከዚህም አልፏል። ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ኮዱ 8,700 መስመር ገደማ ነበር። ሥራው ከተጻፈለት መግለጫ ጋር እንደሚስማማ እ.ኤ.አ. በ2009 በሒሳብ ተረጋግጧል። እዚያ ለአንድ ደንበኛ የመላክ ፈቃድ ሲሰጥ ምልክት ይደረግበታል። ተቀባዩ ምልክቱን አይቶ ማን እንደላከ ይለያል፤ ላኪው ምልክቱን መቀየር አይችልም።

ይህን ሁሉ ሰዎች ዓመታት ለፍተው ሠሩት። እኛ ጋ ሲደርስ ግን “ሠራ ወይ?” ከሚለው በቀር የሚጠየቅ የለም። ቴክኒሺያኑን ብቻ አልወቅስም። የሚከፈለው እንዲሠራ ነው፤ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቀዋል፣ እንግዳው ጀልባ ሊያመልጠው ነው። ግን ፈቃዱን በልኩ መስጠት ከ777 ብዙ ጊዜ አይበልጥም። ያን ቀን አይቼዋለሁ።

ስለዚህ ሲስተም የምታስገቡ ባለሆቴሎች፣ ባለ ክሊኒኮች፣ ባለ ሱቆች፣ ሒሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ባለሙያውን ጠይቁት። ይህ ፕሮግራም በየትኛው አካውንት ነው የሚሮጠው? ማን ማን ሊያዝዘው ይችላል? “በሩት ነው” ካለ ለምን በሉት። ምክንያት ካለው ይነግራችኋል። ከሌለው እዚያው ያስተካክለው። ውል የምትጽፉ ከሆነም በውሉ ውስጥ ይግባ።

ለመምህራንም አንድ ነገር ልበል። ከእኔ ጋር ለልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች ፓይፕ፣ ሶኬት፣ የጋራ ሜሞሪ ብለው በቃላቸው ይዘረዝራሉ፤ ፈተናው የሚጠይቀው እሱን ነውና። ሁለት አካውንት ከፍቼ፣ አንድ ሶኬት ሠርቼ “ተገናኙ” ስላቸው ግን “ፈቃድ የለህም” የሚለው መልእክት ሲወጣ ይደነግጣሉ። ብዙዎቹ እጃቸው ወዲያው ወደ 777 ይሄዳል። በላብራቶሪ ሰዓት አንድ ቀን ለዚህ ይሰጥ። መጀመሪያ ይከልከሉ። ማን እንደከለከላቸውና ለምን እንደሆነ ያግኙ። ከዚያ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ብቻ ሰጥተው ይለፉ።

የናንተ ዓምድ ደግሞ ከይለፍ ቃል ቀጥሎ ስለዚህ ጉዳይ ቢጽፍ ብዙ ሰው ያነበዋል። ጸሐፊ ካጣችሁ እኔ አለሁ። ያን የሶኬት ጉዳይ ከነ ትእዛዞቹ፣ ከነ ማስተካከያው ጽፌ እልክላችኋለሁ፤ የቤቱ ባለቤትም “ስሜን ካልጠራሽ ጻፊው” ብለው ፈቅደውልኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ባሕር ዳር