ኅዳር ለምን ዜሮ ሆነ?

ወንድምዬ፣ እንደምን ከረምክ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ከልቤ ይቆጨኛል። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፤ ከቆየሁ በኋላ ደግሞ በምን አፌ ልጀምር አልኩ። ሰሞኑን ግን አንድ ነገር ገጠመኝና "እሱ አጠገቤ ቢሆን" አልኩ። የጃንጎ፣ ያ በፓይተን ድረ ገጽ የምንሠራበት መሣሪያ፣ ጉዳይ ነው።

የእድራችንን ትልቅ ደብተር ታስታውሰዋለህ? ወደ ኮምፒውተር ላስገባው ብዬ ተነሳሁ። አባላቱ ወደ ታች፣ 12ቱ ወራት ወደ ጎን (ጳጉሜን አይከፈልም)። የእያንዳንዱ አባል ክፍያ ዲክሽነሪ ነው፤ ኪው (መፈለጊያው) የወሩ ስም፣ ቫልዩው (በኪው የሚገኘው) የከፈለው ብር። ቴምፕሌቱ (የገጹ ንድፍ ፋይል) ላይ ወራቱን "ወር" በሚል ስም አንድ በአንድ በሉፕ እያዞርኩ "ክፍያ ነጥብ ወር" ብዬ ጻፍኩ። ገጹ ተከፈተ፣ ሰንጠረዡ ግን ባዶ። ኤረር እንኳ የለም።

ለካ ጃንጎ ነጥብ ሲያይ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ቃል እንዳለ ነው የሚወስደው። መጀመሪያ የዲክሽነሪ ኪ ነው ብሎ ይሞክራል፣ ካጣው አትሪቢዩት (የነገሩ ባሕርይ)፣ ከዚያ የሊስት ኢንዴክስ (የዝርዝር ተራ ቁጥር)። ስለዚህ የፈለገው "ወር" የሚባል ኪ ነው እንጂ ወር ውስጥ ያለውን "መስከረም" አይደለም። ሲያጣው ደግሞ ባዶ ጽሑፍ ተክቶ ዝም ይላል። እንደ ፓይተን በቅንፍ ልጥራው ብትል ቴምፕሌቱ አይቀበልህም። ጂንጃ በሚባለው ሌላ የቴምፕሌት መሣሪያ ላይ ቢሆን ይሠራ ነበር።

መፍትሔው አጭር ነው። አፑ ውስጥ "ቴምፕሌትታግስ" (templatetags) የሚባል ፎልደር ከፍተህ፣ ባዶዋን የኢኒት ፋይል (__init__.py) ጨምረህ፣ ዲክሽነሪና ኪ ተቀብሎ ቫልዩውን የሚመልስ ፊልተር (ቴምፕሌቱ የሚጠራው ትንሽ ፋንክሽን) ትጽፋለህ። ቴምፕሌቱ አናት ላይ ሎድ ታደርገዋለህ። ሰርቨሩን እንደገና ማስነሳት እንዳትረሳ፣ እኔን ግማሽ ቀን የፈጀብኝ እሱ ነው።

ሰንጠረዡ ሞላ። ደስ ብሎኝ ለገንዘብ ያዡ አሳየሁ። በማግስቱ አንዲት እናት ደረሰኛቸውን ይዘው መጡ፤ ከፍለው ሳለ ኅዳር ላይ ዜሮ ይላል። አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚያናግሩኝ፣ እኔ ነኝ ማፈር የነበረብኝ። እድር ላይ "አልከፈለችም" መባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ።

ምክንያቱ ምን መሰለህ፣ የእሳቸውን ያስገባው ልጅ "ህዳር" ብሎ ጽፎታል፣ የኔ የወራት ዝርዝር ደግሞ "ኅዳር" ይላል። ለእኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያየ ኪ። ታኅሣሥንማ ስንት ዓይነት እንደምንጽፈው አስበው። ፊልተሬ ደግሞ ኪው ሲጠፋ ዜሮ እንዲመልስ ነበር ያደረግኩት።

አሁን ኪውን ቁጥር አድርጌዋለሁ፤ የኅዳር ኪ 3 ነው፣ ስሙ ለዓይን ብቻ። ዳታው ጄሰን በሚባለው የጽሑፍ ቅርጽ ስለሚቀመጥ ኪ የሆነው ቁጥርም ተመልሶ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ይሆናል፣ እሱንም እያስተካከልኩ ነው። ለእያንዳንዱ አባል 12ቱም ኪዎች እንዲኖሩ፣ ያልከፈለ ዜሮ ተብሎ እንዲጻፍለት አደረግኩ። ኪ ከጠፋ ግን ፊልተሩ ኤረር ይጥላል። ገጹ ይሰበር፣ ግድ የለም። "አልከፈለም" እና "አላገኘሁም" አንድ ዓይነት መምሰል የለባቸውም።

አንተ ብትሆን እንዲህ ታደርገው ነበር? ኮዱን ልላክልህና እየው። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው፣ ማታ ማታ ቤት ነኝ። እማማን ሳምልኝ።

የአንተው