ነርሷ «ይቁም» የማለት ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጣት፦ ለሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ከሴንትራል ላይን (ወደ ትልቅ ደም ሥር ከሚገባ ቀጭን ቱቦ) የሚነሣ የደም ኢንፌክሽንን ስለመከላከል

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስነት ዓመታትን ያሳለፍኩ ባለሙያ ነኝ። ሴንትራል ላይን ሲገባ አጠገብ የምትቆመው ነርስ የንጽሕና ሥርዓቱ ሲጣስ ካየች ሥራውን የማስቆም ሥልጣን እንዳላት ቢሮው በሰርኩላር እንዲያሳውቅልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሳለሁ፣ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳት አንዲት እናት ወደ ክፍላችን ገባች። የክንዷ ደም ሥሮች አልገኝ ስላሉ ሐኪሙ በብሽሽቷ በኩል ላይን አስገባ። ሙሉ ሰውነቷን የሚሸፍን ንጹሕ ጨርቅ ስላልነበረ በትንሽ ባለቀዳዳ ጨርቅ ተሠራ፤ ላይኑን ወደ ደም ሥሩ የሚመራው ቀጭን ሽቦም ከጨርቁ ጫፍ አልፎ ብርድ ልብሱን ሲነካ በዓይኔ አየሁ። ዝም አልኩ። ግፊቷ በሁለተኛው ቀን ቢስተካከልም ላይኑ ለደም መቅጃ ይመቻል ተብሎ ቆየ። በስድስተኛው ቀን መድኃኒት በላይኑ ሰጥቻት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንቀጠቀጣት። የደም ካልቸር (በደም ውስጥ ጀርም መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ጠርሙስ ስላልነበረ መዝገቧ ላይ «ሴፕሲስ» (ከኢንፌክሽን የሚመጣ ከባድ የሰውነት መታወክ) ከሚለው ቃል በቀር የሰፈረ ነገር የለም። ከሦስት ቀን በኋላ ዐረፈች፤ አራስ ልጇን አያቱ ታቅፈው ወሰዱት።

ያን ሌሊት ዝም ያሰኘኝ አለማወቅ ሳይሆን ይሉኝታ ነበር። ታላቅን በሥራው መሃል ማቋረጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ የቢሮው ደብዳቤ በእጇ ያለ ነርስ ግን «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መመሪያው ስለሚያዝ እንደገና እንጀምር» ብትል ሐኪሙንም አታዋርድም፣ እርሷም አትሳቀቅም።

የሚጠየቀው ሥርዓት የታወቀ ነው፦ እጅን መታጠብ፣ ጋዋን፣ ማስክ፣ ቆብና ከጀርም የጸዳ (ስቴራይል) ጓንት ማድረግ፣ ታካሚውን ከራስ እስከ እግር በስቴራይል ጨርቅ መሸፈን፣ ቆዳውን አልኮል ባለው ክሎርሄክሲዲን (የጀርም መግደያ ፈሳሽ) አጽድቶ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ በተቻለ መጠን ብሽሽትን መተው፣ የማያስፈልግን ላይን ቶሎ ማውጣት። በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት በእነ ዶክተር ፒተር ፕሮኖቮስት መሪነት የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት፣ መረጃ በሰጡ 103 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ይህንኑ ተግብሮ በ1000 የካቴተር ቀናት (አንድ ታካሚ ላይን ይዞ የዋለበት ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር) በአማካይ 7.7 የነበረውን ኢንፌክሽን በ18 ወራት ውስጥ ወደ 1.4 አውርዷል። ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው በዚያ ሥራ ውስጥ ድንገተኛ ባልሆነ ጊዜ ሥርዓቱን የጣሰ ባለሙያ እንዲቆም መደረጉ ነው። ነፍስ ለማዳን በጥድፊያ የገባ ላይን ሲሆን ማንም አያስቁም፤ ነገር ግን በመዝገቡ ላይ ተጽፎ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲቀየር ሰርኩላሩ ይዘዝ።

ሥልጣኑ ያለ ዕቃ ባዶ ነው። ትልቁ ጨርቅ ከአንድ መጋዘን፣ ክሎርሄክሲዲኑ ከሌላ፣ ጋዋኑ ከኦፕራሲዮን ክፍል የሚለመን ከሆነ በሌሊት አንዱ መቅረቱ አይቀርም። ስለዚህ ቢሮው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሐዋሳ ቅርንጫፍ ጋር ተነጋግሮ ለአንድ ላይን የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ሣጥን ታሽጎ በየክፍሉ እንዲቀመጥ ያድርግ። የካልቸር ጠርሙስም አይረሳ።

ላይኑ ከገባ በኋላ ያለው ጥንቃቄ በአብዛኛው በእኛ በነርሶች እጅ ነው። የላይኑን ክዳን ነቅለን አንሶላው ላይ አስቀምጠን መልሰን የምንገጥም አለን፤ አፉን በአልኮል ሳንፈትግ መድኃኒት የምንሰጥም አለን። ለዚህ ሥልጠናና ክትትል ያስፈልገናል፤ ተጠያቂም አድርጉን። በየጠዋቱ ዙርም «ይህ ላይን ዛሬ ያስፈልጋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በታካሚው ቅጽ ላይ ታትሞ ሐኪሙ እንዲፈርምበት ይሁን፤ ላይን ያለባቸው ታካሚዎች በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተቆጥረው ውጤቱ በየወሩ ለቢሮው ይድረስ።

ሰርኩላሩ ሲዘጋጅ የሌሊት ተረኛ ነርሶች ከረቂቁ ጀምሮ እንዲሳተፉበት እለምናለሁ፤ ከተጠራሁ እኔም በሥራ ሰዓትም ሆነ ከሥራ ውጭ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ፣ ሐዋሳ