ከቦይ የወጣው ደለል የት ይደፋ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የምጽፈው ከመራዊ አካባቢ ነው። በቆጋ ግድብ ውሃ የመስኖ ስንዴ እናመርታለን። ግድቡ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የታሰበ ነው። የኛ ሰፈር ኑሮ ግን በአንዲት ቀጭን ቦይ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ አካፋና ዶማ ይዘን ቦይ ጠረጋ እንወጣለን። ዘንድሮ ጭቃው ጉልበቴ ድረስ ነበር። ቀይ ነው፣ ያጣብቃል፣ የበቆሎ አገዳ ተሰግስጎበታል። ሦስት ቀን ሙሉ ዛቅን። የዛቅነውን ግን እዚያው ቦዩ ዳር ከመርነው። ሳምንት ሳይሞላ ያልታሰበ ዝናብ ጣለና ግማሹን መልሶ ከተተው። ከታች ላሉት ጎረቤቶቻችን ውሃው በወጉ አልደረሰም። ስንዴያቸው ሲጠወልግ ማየት አንጀት ይበላል።

ወንዝ ውስጥ እንድፋው የሚሉም አሉ። እባካችሁ ይቅር! ቆጋ ወደ ግልገል አባይ፣ ግልገል አባይ ደግሞ ወደ ጣና ነው የሚፈሰው። የኛን ጭቃ ለሐይቁ ማሸከም ነው።

ይሄ ደለል እኮ ከማሳ የታጠበ አፈር ነው። እኔ ጥቂቱን በአህያ ጭኜ ጓሮዬ ውስጥ ከፍግ ጋር ቀላቀልኩት። ጎመኑ አምሮበታል።

የጠረጋው ቀን ሲቆረጥ የመድፊያው ቦታም አብሮ ይወሰን፤ ከቦዩ ራቅ ያለ፣ ጎርፍ የማይነካው። ዋናውን ቦይ ግን በአካፋ አንችለውም። የሚመለከተው አካል ከመስኖው ወቅት በፊት ማሽን ይላክልን።

አንድ የመስኖ ገበሬ፣ ከጎጃም