ቅዳሜ ቤት ልቀይር ነው፣ እናትሽን ጠይቂልኝ

አንቺ ልጅ፣

እንዴት ነሽ? እሺ፣ ስድቡን ቀድሜ ልዋጠው። ስምንት ወር ጠፍቻለሁ፣ ልደትሽም አልፎኛል። ይቅርታ። መልእክትሽን ባየሁ ቁጥር "ማታ ተረጋግቼ እመልሳለሁ" እያልኩ ያ ማታ ሳይመጣ ቀረ። አሁንም የጻፍኩልሽ ቸግሮኝ ነው፣ አልዋሽሽም።

ቤት አገኘሁ! እዚሁ አየርላንድ፣ ማዮ ውስጥ። ጠባብ ናት፣ ግን የራሷ በር አላት። ቁልፉን የምቀበለው ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22 ነው። ይህን ለማስታምማቸው አሮጊት ስነግራቸው ሻያቸውን አስቀመጡና "ቅዳሜ የገባ አይከርምም" አሉኝ። የድሮ አባባላቸው ነው፤ ቅዳሜ ቤት የቀየረ ቶሎ ይለቃል። እኔ ሳቅኩ፣ እሳቸው አልሳቁም።

ይባስ ብለው ዲሴምበር 28ን አመጡብኝ። ሄሮድስ ያስገደላቸው ሕፃናት የሚታሰቡበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ምንም ነገር አይጀመርም፤ ቤት መሥራት የለ፣ እርሻ የለ፣ ሠርግ የለ። የዋለበት የሳምንቱ ዕለት ደግሞ እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ለጅምር አይሆንም ይላሉ። ያለፈው የዋለው መቼ መሰለሽ? ቅዳሜ!

ቆይ፣ ዲሴምበር 28 በእኛ ስንት ነው ብዬ ብቆጥር ታኅሣሥ 19 ሆኖ አገኘሁት። ገብርኤል! እናትሽ የቁልቢን ስለት የሚያስቡበት ቀን እዚህ የዓመቱ ክፉ ቀን ነው እልሻለሁ።

አርብ ማታ ልግባ እንዳልል (ቁልፉን ቢሰጡኝም እንኳ) አርብ ሳዊን የሚሉት የድሮ በዓላቸው ዋዜማ ነው። መከሩ አልቆ፣ ከብቱ ከመስክ ገብቶ፣ ብርዱ የሚጀምርበት፣ ሙታን ወደየቤታቸው ብቅ ይላሉ የሚባልበት ሌሊት። ከዚያ ወዲያ የአጥሩ ጥቁር እንጆሪ አይበላም፤ ፑካ የሚሉት ጋኔን ተፍቶበታል ነው ነገሩ። እኔ ሻንጣ እየጎተትኩ ከፑካ ጋር መንገድ ልገናኝ?

አታምኝም፣ ምን ነካሽ እንደምትይኝ አውቃለሁ። ግን ያለፈው ስቅለት የእኛም የእነሱም አንድ ቀን አልዋለም? እኔ ስግደቴን እያሰብኩ እሳቸው "ነይ፣ ትንሽ ድንች ትከይልኝ" አሉኝ። በዚያ ቀን ጥቂት መትከል በረከት አለው፤ ሚስማር መምታት ግን ጌታ የተቸነከረበት ቀን ስለሆነ ነውር ነው። አጥሩን ልጠግን መዶሻ ባነሳ ጮኹብኝ። ድንቹ እንዴት እንዳማረ ብታዪ! በእርግጥ ዝናቡም ረድቷል።

እና ደግሞ... እንዴት ልበልሽ። በሦስት ዓመት አራት ቤት ቀይሬያለሁ። ትናንት ሌሊት ተኝቼ ስቆጥር አራቱንም የገባሁት ቅዳሜ ነው። ሌላ ቀን ሥራ ላይ ነኛ! ግን ካርቶን ማሰር ሰልችቶኛል። በዚህኛው መቆየት በጣም፣ በጣም እፈልጋለሁ።

ስለዚህ እናትሽን ጠይቂልኝ። እሁድ ልብስ እንዳናጥብ ሳሙና የሚደብቁት ሴትዮ ለዚህ መልስ አያጡም። "ገብርኤል አለልሽ፣ ግቢ" ካሉኝ እገባለሁ፣ አሮጊቷም የፈለጉትን ይበሉ። እስከ ሐሙስ መልሺልኝ፤ እኔ ጠፋሁ ብለሽ አንቺ ደግሞ ብድር እንዳትመልሺ።

ኧረ ሌላም አለ፤ ድመት ይዞ ቤት መቀየርም አይሆንም አሉ። አዎ፣ ድመት አለችኝ። እሷን አልነገርኩሽም?

ያቺው ጠፊዋ ጓደኛሽ