በሃይላንድ ስለተሰጠን የምድጃ ስፒሪት የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለካምፒንግ ዕቃ አከራይ ድርጅታችሁ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ምንነቱ ሳይገለጽ በውሃ ፕላስቲክ የተሰጠንን ነዳጅ ይመለከታል

በጥር ወር መጨረሻ በባሌ ተራሮች ለምናደርገው የአምስት ቀን የእግር ጉዞ አራት ሆነን ከእናንተ ሁለት ድንኳን፣ አራት ስሊፒንግ ባግ፣ ሁለት የስፒሪት (በአልኮል የሚነድ) ምድጃና ነዳጅ ወስደን ነበር። ድንኳኖቹ ጥሩ ነበሩ። የተራራውን የሌሊት ነፋስ ችለው አድረዋል፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ቅሬታዬ ስለ ነዳጁ ነው።

ነዳጁ የተሰጠን በሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ነው። ፕላስቲኩ የውሃ፣ ክዳኑ የውሃ፣ የፈሳሹም መልክ የውሃ። የአንደኛው ላይ የውሃው ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ዕቃውን ያስረከበን ልጅ «ከውሃችሁ ጋር እንዳታምታቱት» ብሎ ቀለደ፤ እኛም ስቀን ተቀበልን። ያ ሳቅ አሁን ሲታወሰኝ ያመኛል።

በሦስተኛው ሌሊት የሰፈርነው ገርባ ጉራቻ ሐይቅ አጠገብ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር። እዚያ በጥር ሌሊት ኩባያ ላይ የቀረ ውሃ ረግቶ ያድራል። ብርዱ ስፒሪቱንም ቶሎ እንዳይቀጣጠል ስለሚያደርገው፣ የሰጣችሁን ባለ አንድ ገጽ መመሪያ «ስፒሪቱን ሌሊት ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዛችሁ እደሩ» ይላል። የተባልነውን አደረግን። ከእኛ ጋር የነበረው የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም፣ የ19 ዓመት ልጅ፣ የሚጠጣው ውሃ እንዳይረጋበት እሱንም ጎኑ አስገብቶ ተኛ። ሁለት ሃይላንድ፣ አንድ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ፣ በጨለማ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ጉሮሮው ደርቆ ነቃና እጁ የገባውን ከፍቶ ጠጣ። ሁለተኛውን ተፋው። አንዱን ጉንጭ ግን ውጦታል።

ፈረስ ጫኞቹን ቀስቅሰን፣ በፈረስ እስከ መኪና መንገዱ፣ ከዚያ በለመንነው አይሱዙ ጎባ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ አይቶት ሳያበቃ የጠየቀን አንድ ጥያቄ ነው፤ «የጠጣው ኢታኖል ነው ወይስ ሜታኖል?»

አላወቅንም። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ለምን እንደጠየቀ እናንተም እንድትረዱት ልጻፈው። ኢታኖል አረቄያችን ውስጥ ያለው አልኮል ነው፤ ለምድጃ የሚሸጠው እንዳይጠጣ ሌላ ነገር ስለሚጨመርበት ሆድ ያውካል እንጂ አንድ ጉንጭ ብዙውን ጊዜ ለክፉ አይሰጥም። ሜታኖል ግን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይቀየራል፤ መጀመሪያ የሚያጠቃው ዓይንን ነው። ጥቂቱም ሊያሳውር ይችላል። የሚያስፈራው ደግሞ ቶሎ አለመታወቁ ነው። የጠጣ ሰው ለብዙ ሰዓታት ደህና መስሎ ይቆይና ዓይኑ መጭለም የሚጀምረው ግማሽ ቀን ወይም አንድ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ማርከሻው የሚጠቅመው ቀደም ብሎ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ልጁ «ደህና ነኝ እኮ» ማለቱ ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም፤ የሚነግረው ፕላስቲኩ ላይ መለጠፍ የነበረበት ወረቀት ነበር።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደወልንላችሁ። ያነሳው ሠራተኛ «ስፒሪት ነው» አለ። ምን ስፒሪት? «ንጹህ ስፒሪት ነው፣ ከመርካቶ ነው የሚመጣው።» ኃላፊውን ጠይቆ እንደሚደውል ነገረን። አልደወለም። በዚያ ቀን ስድስት ጊዜ ደወልን። ሐኪሙም መልስ ሳይጠብቅ፣ የከፋውን ገምቶ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አስተኛው። ልጁ ዓይኑን ለመፈተን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ ደጋግሞ ያነብልን ነበር፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። እናቱን ያስፈቀድኳቸው እኔ ነኝ። በዚያ ሌሊት ምን ብዬ እንደምደውልላቸው ሳስብ አደርኩ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆነም። ከሁለት ቀን በኋላ ከእናንተ የመጣው መልስ ግን «ደንበኛው ውሃና ነዳጅ መለየት ነበረበት» የሚልና ለሚቀጥለው ኪራይ የ500 ብር ቅናሽ ነው። ቅናሹን አልፈልግም።

ኢታኖል ፕላስቲኩን ይበላዋል ብዬ አልከስም፤ አይበላውም። በሌላ አገር ቀላል ሸክም የሚወዱ ተጓዦችም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ይይዙታል። ግን ቀለም ይቀቡታል፣ በትልቁ ይጽፉበታል፣ ከመጠጥ ውሃ ጋር አንድ ኪስ አያስገቡትም። ይህን ለማወቅ ባሕር ማዶ መሄድም አያስፈልግም። ዕቃችንን የጫኑልን አዛውንት የላምባ ጀሪካናቸው አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራሉ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ቤት ልጅ አለ» አሉኝ። አንድ ቁራጭ ቀይ ጨርቅ እናንተን ስንት ያስወጣችሁ ነበር?

የክዳኑ ነገርም አለ። አዲስ አበባ ጢም ተደርጎ ሞልቶ የተዘጋ ስፒሪት ፀሐይ ሲያሞቀው ይሰፋል፣ ወደ ተራራው ሲወጣም የውጭው አየር ስለሚሳሳ ክዳኑን የሚገፋው ግፊት ይበረታል፤ የውሃ ክዳን ደግሞ ለዚህ የተሠራ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ከዲንሾ ወጥተን ምሳ ስንፈታ በሶው ስፒሪት ስፒሪት ይሸት ነበር። ሦስት ኪሎ በሶ ደፋን። ነዳጅና ምግብ አንድ ኬሻ ውስጥ አድርጎ ያሰረው የእናንተው ሠራተኛ ነው። ከላይ ጥቂት ባዶ ቦታ የተተወለት፣ ጥሩ ጎማ ያለው የሚጠብቅ ክዳን፣ የራሱ ከረጢት፣ ቢፈስ ምግብ ላይ እንዳይደርስ ከጭነቱ ውጭ መታሰር፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

መጠኑም የባሰ አደጋ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ ለማፍላት በእኛ ምድጃ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃ ነበር። ለአራት ሰው፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለአምስት ቀን፣ 1.2 ሊትር ማለት ነው፤ ለነፋሱ ብትጨምሩበት አንድ ሊትር ተኩል። እናንተ 4 ሊትር አሸከማችሁን። በሊትር ስለምታስከፍሉ ይሆን?

መመሪያችሁ ስለ ነበልባሉ አንድም ቃል አይልም። የአልኮል እሳት ሰማያዊና ስስ ስለሆነ በፀሐይ አይታይም። በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ከመካከላችን አንዱ ምድጃው የጠፋ መስሎት ከሁለት ሊትሩ ሃይላንድ ሊጨምርበት ሲያዘነብል፣ እኚያው አዛውንት ናቸው እጁን የያዙት። ያን ጊዜ የቆምነው አስታ የሚባለው የተራራ ቁጥቋጦ መሐል፣ በደረቅ ጓሳ ሣር ላይ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የባሌ ደን ሲነድ ያየ ሰው አስታ እንዴት እንደሚቀጣጠል አይረሳም። ምድጃው ጠፍቶ ካልቀዘቀዘ በቀር እንዳይሞላ፣ ሲሞላም ከትልቁ ዕቃ ሳይሆን ለአንድ ጊዜ ከሚበቃ ትንሽ ብልቃጥ እንዲሆን መጻፍ ሁለት መስመር ነው። ለብርዱም ቢሆን ያቺኑ ብልቃጥ ኪስ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይበቃል፤ ሁለት ሊትር ታቅፎ የሚያስተኛ ነገር የለም።

የመጨረሻው፣ ለማመን የከበደኝ ነው። ውላችሁ «ያልተመለሰ ነዳጅ ይከፈልበታል» ስለሚል፣ ልጁና ወንድሙ ከሮቤ በአውሮፕላን ሲመለሱ የተረፈውን ምን እናድርገው ብለን ጠየቅን። «ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፣ ማንም አያየውም» ተባልን። የምድጃ አልኮል በእጅም ሆነ በሚጫን ሻንጣ በአውሮፕላን መውሰድ ክልክል ነው። ምድጃው ራሱ እንኳ ነዳጁ ጨርሶ ካልጸዳ አይጫንም። የቀረነው ሁለታችን በመኪና ይዘነው መጣን።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። በዚህ መሠረት የከፈልነው የኪራይ 14,600 ብር እንዲመለስ፣ የሕክምናና የመኪና ወጪው በተያያዘው ደረሰኝ መሠረት እንዲተካ፣ ነዳጅ በሃይላንድ ማስረከብም ከዛሬ ጀምሮ እንዲቆም እጠይቃለሁ። መመሪያውን እስክታርሙት ድረስ ለሌላ ሰው አትስጡት።

የተረፈው 3 ሊትር ግድም ስፒሪት እኔ ጋ ነው፤ ደረሰኝ ስትሰጡኝ ትረከቡታላችሁ። አንድ ብልቃጥ ለናሙና አስቀርቻለሁ፤ ቀይ ጨርቅ ታስሮበት «አይጠጣም» ተብሎ ተጽፎበታል። ከገዛችሁት ነጋዴ ጠይቃችሁም ሆነ አስመርምራችሁ፣ ምን እንደነበር በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ አሳውቁኝ። እናቱ እስካሁን «ለመሆኑ ልጄ የጠጣው ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)

አባሪ፦ የሕክምና፣ የትራንስፖርትና የኪራይ ደረሰኞች፤ የመመሪያው ፎቶ ኮፒ
ግልባጭ፦ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር