በሚቀጥለው ዓመት አትበዪኝ

ሲያትል፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣ ለእትዬ

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ የፊት ጥርሷ ወለቀ። አንቺ በስልክ የነገርሻትን ይዛ፣ ጣሪያ ላይ ካልተወረወረ ብላ አባቷን መሰላል አስወጣችው። ትንሹ አፉን እየፈታ ነው። እንጀራን “ጀላ” ይላል። አንቺ ባለፈው የላክሽውን ሽሮ እንደ ጉድ ይወደዋል።

ይኸው፣ አሁንም የልጆቹን ወሬ ይዤ ነጎድኩ። በስልክም እንዲሁ ነን። አንቺ ስለ ልጆቹ ትጠይቂያለሽ፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ከዚያ “በይ ደህና እደሪ” ትይኛለሽ። ሌላ ነገር ላነሳ ስል ደግሞ ወጥሽ ያርርብሻል። ለዚህ ነው በወረቀት የጻፍኩልሽ።

ያለፈው እሑድ “በሚቀጥለው ዓመት፣ ሲሻለኝ እመጣለሁ” አልሽኝ። ስልኩን ዘግቼ መኪናዬ ውስጥ ብዙ ቆየሁ።

ምክንያቱ ማሽኑ ነው ብለሻል፤ ሌሊት ሌሊት ኩላሊትሽን ተክቶ በሆድሽ የሚያጥብሽ። እሺ፣ መጀመሪያ ስለ ማሽኑ እናውራ። ወንድሜ የነርስሽን ስልክ ሰጥቶኝ ደወልኩላት። እባክሽ እሱን አትቆጪው። አንቺ ካልፈቀድሽ በቀር ስለ አንቺ አንዲት ነገር እንደማትነግረኝ ገለጸችልኝ። ስለ ጉዞ ግን በደንብ አስረዳችኝ። በሆድ የሚታጠቡ ሰዎች ይጓዛሉ እትዬ። አንድ ወር ያህል ቀደም ብለሽ ቀኑንና አድራሻውን ካሳወቅሽ የምትታጠቢበት ውሃ እንዳለ ወደ እኔ ቤት ይመጣል። ለሦስት ሳምንት ከሃያ በላይ ካርቶን ይሆናል። ጋራዡን ጠርጌ ነበር፤ ኋላ ሙቀት እንዳይመታው ብዬ የእንግዳ ክፍሉን ቁም ሳጥን ባዶ አደረግሁት። ባለቤቴ መደርደሪያ ገጥሞለታል።

ማሽኑ ከአንቺ ጋር አውሮፕላን ውስጥ ይገባል። ጭነት አትስጪው። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ ሕመምተኛንና አካል ጉዳተኛን አየር መንገድ እንዳያጉላላ የሚከለክል ሕግ አለ፤ በዚያ ሕግ መሠረት የሕክምና ማሽን እንደ ሻንጣ አይቆጠርም፣ አይከፈልበትምም። የሐኪሙን ደብዳቤ ብቻ ያዢ። ፍተሻው ላይ ውሃ አይገባም የሚሉት ለሕክምና የሚያስፈልገውን ውሃ አይመለከትም። ምናልባት ካርቶኑ ከዘገየ ብለሽ ለአንድ ለሁለት ቀን የሚሆን ከረጢት በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። ማስክሽንና የቱቦውን ክዳን አትርሺ። ከደላስ ሲያትል ስድስት ሰዓት አይሞላም። ሌሊቱን ማሽንሽ ላይ አድረሽ ጠዋት ትነሻለሽ። ማታ እዚህ አልጋሽ ላይ ትቀጥያለሽ። ዊልቸር አዝዤልሻለሁ። እግሬ ደህና ነው እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተቀመጪበት።

መብራት ቢጠፋስ ብለሽኛል። ቢጠፋ በእጅ ታደርጊዋለሽ። ማሽኑ ሳይመጣ በፊት በቀን አራቴ በእጅ ስትለውጪ አልነበረም እንዴ? የኮት መስቀያው ላይ ሰቅለሽ፣ ውሃው በስበት እየወረደ። ያኔ ማን ረዳሽ? ማንም። ከእኛ ሁሉ ቀድመሽ የተማርሽው አንቺ ነሽ።

ገና ላይ የመጣሁ ጊዜ ያየሁትን ልንገርሽ። ከሰዓት ነበር። መስኮቱን ዘግተሽ፣ ማስክሽን አድርገሽ፣ እጅሽን እስከ ክርንሽ ታጥበሽ የቀኑን ውሃ ለወጥሽ። የወጣውን ከረጢት በሁለት እጅሽ አንስተሽ የጸሎት መጽሐፍሽ ላይ አስተኛሽው። ነርሷ ያለችሽ ጋዜጣ ነበር። ከረጢቱ ስር ያለው ጽሑፍ ከተነበበ ውሃው ንጹሕ ነው፤ ከደፈረሰ ሆድ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷልና ቶሎ ወደ ሐኪም። አንቺ መነጽርሽን አድርገሽ ጎንበስ አልሽ። ቀዩ ፊደል በውሃው ውስጥ ጎልቶ ይታይ ነበር። አንድ መስመር አነበብሽና “ተመስገን፣ ይነበባል” አልሽ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አላየሽኝም።

ያን ያየ ሰው “እትዬ ከቤቷ ውጭ አትችልም” ብሎ አያምንም።

ደግሞ አንድ ነገር ስሚ። ሆድሽ ላይ ያለችው ቱቦ እኮ የሲያትል ሥራ ናት። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሄንሪ ቴንክሆፍ የሚባል ሐኪም ነበር። ከእሱ በፊት ሰው በሆዱ በታጠበ ቁጥር ብዙውን ጊዜ እንደገና ይወጋ ነበር። እሱ በ1968፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሆድ ላይ የምትቀር ለስላሳ ቱቦ አወጣ። ቱቦዋ ላይ እንደ ሱፍ ያለ ጨርቅ አለባት። ሥጋሽ እዚያ ጨርቅ ላይ ያድግና ቱቦዋን አቅፎ ይይዛታል፤ ተህዋስም እንዳያልፍ ይዘጋል። ነርስሽ የቱቦዋን ስም ስትጠራ የምትሰሚው የሰውዬው ስም ነው። ይህን ባነበብኩ ቀን ላንቺ ለመንገር ቸኩዬ ደወልኩ፣ አንቺ ግን ስለ ልጆቹ ሳል ጠየቅሽኝ።

ቀኑንም አስቤበታለሁ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመካከሉ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው ያለብሽ። ሐምሌ 7 ተነሺ፣ ሐምሌ 28 ተመለሺ፣ ፍልሰታን ቤተ ክርስቲያንሽ ትደርሺያለሽ። ስለ ጾም ካነሳሁ አይቀር፣ እጥበቱ ፕሮቲን ከሰውነትሽ ይዞ ይወጣል። በጾም ጊዜ የፕሮቲንሽ ቁጥር ሲወርድ ነርሷ የምትጨነቀው ስለማታውቅሽ አይደለም። የንስሐ አባትሽን አናግሪያቸው። የታመመ ሰው ምን እንደሚደረግለት እሳቸው ያውቃሉ። እኔ ብነግርሽ ትቀየሚኛለሽ።

ግሸንን አልረሳሁም። “ወጥቼ የማላውቀው ሲያትል ከምሄድ ስለቴን ባደርስ” ያልሽውን ሰምቻለሁ። መስከረም 21 እግርሽ ያንን አምባ ቢረግጥ እኔም ደስታዬ ነው። ግን ሜዲኬር፣ የመንግሥቱ የጤና መድን፣ ከአሜሪካ ውጭ እጥበቱን አይከፍልም። ያንቺ ውሃ ደግሞ እዚያ እንደ ልብ አይገኝም፤ ያለው በደም የሚታጠበው ነው፣ እሱም ከተማ ሆስፒታል እየተመላለሱ። መንገዱም እንደምታውቂው ነው። ስለቱን ልኬ አስገባልሻለሁ ብልሽ “ስለት በተወካይ አይሆንም” አልሽኝ። እሺ። ስለቱ ይቆይ። እኔ ግን አልቆይም።

ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። አሁን ካነሳሁት ግን ልጨርሰው።

በ1991 ስትሄጂ ስድስት ዓመቴ ነበር። “በሚቀጥለው ፋሲካ እመጣለሁ” አልሽኝ። ደሴ ጎረቤት ስልክ ስትደውዪ እየሮጥኩ እመጣና መጀመሪያ የምጠይቅሽ እሱን ነበር። አንቺም “በሚቀጥለው” ትይኛለሽ። በየፋሲካው ቀሚስ ትልኪልኝ ነበር። ነጭ፣ ሮዝ፣ አንዴም ቢጫ ባለ ጥብጣብ። እትዬ፣ አንዱም በልኬ አልነበረም። ሁሉም ያንሰኝ ነበር። እማማ ጠርዙን ፈትታ፣ ከታች ሌላ ጨርቅ ቀጥላ ታስረዝምልኝ ነበር። “እናትሽ ጥላሽ በሄደችው ልክ ነው የምትገዛው” አለችኝ አንድ ቀን፤ ወዲያው ደግሞ ምነው ባልተናገርኩት ብላ አፏን ያዘች። ዘጠኝ ቀሚስ ነው። ቆጥሬያቸዋለሁ።

በ2000 ሰው ሁሉ ሚሊኒየም ሲያከብር እኔ ደላስ ደረስኩ። አበባ ይዘሽ ቆመሽ ነበር። እኔ አይቼሻለሁ። አንቺ ግን ዓይንሽ ከእኔ ዝቅ ብሎ፣ በሰዎቹ ወገብ ልክ ይፈልግ ነበር። ትንሽ ልጅ ነበር የምትፈልጊው። አጠገብሽ መጥቼ “እትዬ” አልኩሽ። እማማን እናቴ ስል ስላደግሁ አንቺን የምጠራበት ሌላ ስም አልነበረኝም። ያኔ ያለቀስሽው ለቅሶ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ወረቀቱ እንደያዘሽ አውቃለሁ። ብትወጪ መመለስ እንደማትችዪ አውቃለሁ። ሌሊት ፓርኪንግ ስትሠሪ፣ ቀን አሮጊት ስትጠብቂ ለእኔ ትምህርት ቤት ትልኪ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብዬሽ አላውቅም። አመሰግናለሁ እትዬ።

ያም ሆኖ “በሚቀጥለው ዓመት” ስትዪኝ የስድስት ዓመቷ ልጅ ትነሳለች። ልጄም አሁን ስድስት ሊሞላት ነው። ለልደቷ የላክሽላት ቀሚስ ያንሳታል። አልነገርኩሽም ነበር፣ እንዳይከፋሽ። ቁም ሳጥኗ ውስጥ ሰቅላዋለች፣ አያቴ ናት የሰጠችኝ እያለች ለጓደኞቿ ታሳያለች። መጥተሽ ራስሽ ለኪያት።

“ሲሻለኝ” ስትዪስ ምን ማለትሽ ነው? ሐኪሙ ያለሽን ከወንድሜ ሰምቻለሁ። አንቺም ሰምተሻል። ሁለታችንም ሰምተን ሁለታችንም ስለ ልጆቹ እናወራለን። ያንን የኔን ነገር፣ የኩላሊቱን፣ እዚህ አላነሳውም። “የሰጠሁሽን አካል መልሼ አልወስድም” ብለሽ ዘግተሽዋል። ስትመጪ ፊት ለፊት ተቀምጠን እናወራዋለን። በስልክ አልሆነልንም።

ምናልባት የሚያሳፍርሽ ልጆቹ ቱቦውን እንዳያዩ ይሆናል። ትልቋ አይታዋለች። ገና ላይ፣ አንቺ ተኝተሽ ሳለ ገብታ ነበር። ጠዋት ሥዕል ሠርታ አሳየችኝ፤ አልጋ፣ አንቺ፣ ከሆድሽ የሚወጣ ረጅም መስመር፣ መጨረሻው ላይ ሳጥን። “አያቴ ሌሊት ቻርጅ ስታደርግ” አለችኝ። አልፈራችም። ሥዕሉ ፍሪጃችን ላይ ነው። ባለቤቴም ቢሆን አባቱን ያስታመመ ሰው ነው፣ ከእሱ የምትደብቂው ነገር የለም።

ድመቷን ለጎረቤት እንሰጣታለን። ሦስቱን ሳምንት እዚያው ትቆያለች። ቱቦ መንከስ ይወዳሉ አሉኝ። ልጆቹ ትንሽ አለቀሱ፣ አያታችሁ ትበልጣለች አልኳቸው።

ሌላም አለ። ወንድሜ ቱቦው የሚወጣበት ቦታ ቀላ ብሏል አለኝ። መቼ ነው የቀላው? ያመዋል? መግል አለው? ጠበል አስነክተሽው እንደሆነ ንገሪኝ፣ አልቆጣም። በልኩ ጠጪው፤ ቁስሉን ግን አትንከሪው። ሰኞ ቀጠሮ አለሽ፣ እስከዚያ ድረስ ካሳከከሽ ወይም ትኩሳት ከተሰማሽ ሰኞን አትጠብቂ።

እዚህ በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። ማሽንሽ ላይ ስትተኚ ገና ብርሃን ይሆናል። የክፍልሽ መስኮት ሬኒየር ተራራን ያሳያል፤ ሰማዩ ጥርት ሲል ብቻ ነው፣ በሐምሌ ግን ብዙ ቀን ጥርት ይላል። በረዶው በክረምትም በበጋም አይጠፋም። አልጋውን ከፍ አድርጌዋለሁ፣ ወገብሽ እንዳያስቸግርሽ። ማሽኑ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ ደግሞ ከአልጋው ዝቅ ያለ ገዝቻለሁ። ልክ ካልሆነ እመልሰዋለሁ፣ ደረሰኙን ይዣለሁ።

ትኬቱን ይዤልሻለሁ፣ ግን አልከፈልኩም። እስከ ዓርብ ነው የሚጠብቁኝ። ሰኞ ነርሷ ጋ ስትሄጂ ሐምሌ 7፣ በፈረንጅ ጁላይ 14 በያት። አድራሻዬን ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ በእንግሊዝኛ በትልቁ ጽፌዋለሁ። ቀደሽ ስጫት።

ማክሰኞ ማታ እደውላለሁ። ልጆቹን አላቀርብልሽም። መጀመሪያ እሺ ወይም እምቢ በዪኝ።

ልጅሽ